አሳምሬ ያተምኩት ወረቀት

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ በነበረው የጋሽ ከድር ኢንተርኔት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛዬ አንድ የግብርና ባለሙያ ነበር። ስለ በርበሬ በሽታ የሚያወራ ድረ ገጽ ከፍቶ «ይቺን አንድ ገጽ አትሚልኝ» አለኝ። ፕሪንት የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ አሥራ አንድ ወረቀት ተፋ። የመጀመሪያው ላይ ያለው የሆቴል ማስታወቂያ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ በስተቀኝ በኩል ተቆርጠዋል፤ እያንዳንዱ መስመር መሀል ላይ ቀርቷል። የመጨረሻው ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች።

ሰውዬው ወረቀቶቹን አገላበጠና «እህቴ፣ ግማሹስ?» አለኝ።

«ግማሹ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቀርቷል» አልኩት። ምን ልበለው? እውነቱን ነው የነገርኩት።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ከድር ጥግ ባለው የራሳቸው ኮምፒዩተር ካርታ እየተጫወቱ ነበር። ከዚያ በፊት የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነበሩ፤ ከኮምፒዩተር የሚያውቁት የካርታ ጨዋታውን ብቻ ነው። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «አስካለ፣ ታይፒስት ነኝ ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?» አሉ።

ታይፒስትማ ነኝ! ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጀማሪ ታይፒስት ሆኜ ገብቼ ሴክሬተሪ ሁለት ሆኜ ነው የወጣሁት። እኔ የመታሁት ደብዳቤ ግራ ቀኙ እኩል ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «የአስካለን ደብዳቤ ሳላነብ ነው የምፈርመው» ይሉ ነበር፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። በታይፕ ግን ፊደሉን ስትመታው እዚያው ወረቀቱ ላይ ታየዋለህ። እዚህ የሚታየው ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ። 

እልኸኛ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል። አስተማሪ ስላልነበረኝ እያበላሸሁ ተማርኩ። ከማተሜ በፊት ቅድመ እይታውን መክፈት ለመድኩ። ገጹ ሲሰፋ ወረቀቱን በአግድም ማድረግ፣ ካልበቃው ፊደሉን ማሳነስ፣ ኅዳጉን ማጥበብ። ገጹ እንደ መስኮት በሁለት በሦስት የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ የምፈልገውን ክፍል ቀድሜ በማውስ መንካት አለብኝ፤ አለበለዚያ የሚታተመው በጎን ያለው ዝርዝር ብቻ ነው። አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ሲወጣ ፊደሉ ማሽኑ ላይ አልተጫነም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ።

አንድ ቀን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የመለዋወጫ ዝርዝር አስከፈተኝ። አተምኩለት፤ ወረቀቱ ነጩን ወጣ። ቶነሩ፣ ማለት የማሽኑ ቀለም፣ አልቋል ብዬ አውጥቼ አራገፍኩት፤ እጄም ልብሴም ጥቁር በጥቁር ሆነ። እንደገና አተምኩ፤ አሁንም ነጭ። ሹፌሩ «እትዬ፣ ወረቀቱንስ ራሴ ገዝቼ መምጣት እችል ነበር» ብሎ አላገጠብኝ። ለካ ገጹ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ መደቡን ትቶ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያትመው። ነጭ በነጭ ላይ! ጽሑፉን በሙሉ ቀድቼ ወርድ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ ለጠፍኩት፤ ጥቁር አደረግኩት፤ ርእሱን አደመቅኩት፤ ግራ ቀኙን እኩል አደረግኩት። ሲወጣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ያምር ነበር። ሹፌሩ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ጥፋቴ የጀመረው ያን ቀን ነው። ድረ ገጽ አልታተም ብሎ ባስቸገረኝ ቁጥር ከእሱ ጋር መታገሉን ተውኩና ወደ ወርድ እየገለበጥኩ አሳምሬ ማውጣት ጀመርኩ። ከግርጌ በትንንሽ ፊደል የምትወጣውን የድረ ገጹን አድራሻና ቀን የያዘች መስመርም ጠላኋት። ወረቀቱን የምታቆሽሽ መሰለችኝ። ደንበኞች በሚሠሩባቸው አራቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ሰረዝኳት።

ማኅተሙን ያመጡት ግን ደንበኞች ናቸው። የአገራችንን ሰው ታውቁት የለም? ወረቀቱን ይቀበልና አገላብጦ ያያል፣ ከዚያ «ማኅተሙስ?» ይላል። «የድረ ገጽ ወረቀት ማኅተም የለውም» ብትለው «እንዲያ ከሆነ ምን ወረቀት ነው?» ብሎ ይቆጣሃል። ጋሽ ከድር ሰልችቷቸው የንግድ ቤቱን ስም የያዘ ክብ ማኅተም አስቀረጹ። ከዚያ ወዲያ ያተምነው ሁሉ ላይ ያን ሐምራዊ ማኅተም ማሳረፍ ሆነ። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ቀበሌውም ተቀበለ። እኛም አንድም ቀን «ይህ ማኅተም ምን ይመሰክራል?» ብለን አልጠየቅንም።

ከሚሌኒየሙ በኋላ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት በድረ ገጽ መታየት ሲጀምር ቤታችን ገበያ ሆነ። ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ኮሌጆች ከድረ ገጹ የታተመውን ወረቀት ይዞ የመጣውን ይመዘግቡ ነበር። ችግሩ የውጤቱ ገጽ ሰፊ መሆኑ ነው። ሲታተም በስተቀኝ ያለው ዓምድ ይቆረጣል፤ እዚያ ዓምድ ውስጥ ያለው ደግሞ ራሱ ውጤቱ ነው። የትምህርቱ ስም ይወጣል፣ ያመጣው ፊደል ይቀራል።

ኮሪደሩ ላይ ሃምሳ ተማሪ እየተጋፋ ወረቀት በአግድም ማድረግ፣ ፊደል ማሳነስ ማን ይችላል? ዘዴ አበጀሁ። የአንዱን ተማሪ ውጤት ወርድ ላይ በሚያምር ሠንጠረዥ ጻፍኩ። ሌላው ሲመጣ ያንኑ ፋይል ከፍቼ ስሙን፣ ቁጥሩንና ውጤቱን እቀይርበታለሁ፣ በአዲሱ ስም አስቀምጠዋለሁ፣ አትማለሁ፣ ማኅተም አደርጋለሁ። ለአንድ ተማሪ ሁለት ደቂቃ። ጋሽ ከድር «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እኔም አዎ ይባረክ፣ ይገባዋል ብዬ ነበር።

የእንሴኖዋ ሰሚራ በዚያ ግፊያ መሀል ከመጡት አንዷ ናት። ወረቀቷን ስሰጣት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆማ አነበበችው፤ «ባዮሎጂ ኤ! ባዮሎጂ ኤ!» ብላ ጮኸች፣ ጓደኛዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ደስታዋ እኔንም ደስ ስላሰኘኝ ነው መልኳን የያዝኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሐሙስ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ጋሽ ከድር መለሱላቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «እንሴኖ ነው ቤቴ። ሸምሱ እባላለሁ፣ የሰሚራ አባት ነኝ» አሉና ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም።

ወልቂጤ ካለ አንድ የጤና ኮሌጅ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ተማሪ ሰሚራ ያቀረበችው ወረቀት ከድረ ገጹ የታተመ ስለመሆኑ ምልክት የለውም፤ በላዩ ያለው ማኅተምም የፈተናው መሥሪያ ቤት አይደለም። ትክክለኛውን እስከ ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካላመጣች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ወረቀቱም በሐሰተኛ ሰነድነት ለፖሊስ ይተላለፋል ይላል።

«ልጄ እዚያው ወልቂጤ ከዘመድ ቤት ናት» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ፖሊስ የሚለውን ስትሰማ እህል መቅመስ እምቢ አለች አሉኝ። ሌባ ናት እንዴ ልጄ? እስቲ ንገሪኝ እህቴ፣ ይኼ ወረቀት ከእናንተ አይደለም የወጣው?»

«ከእኛ ነው። ምንም አይደለም ጋሽ ሸምሱ፣ መብራት እንደመጣ ከነአድራሻው አትምልዎታለሁ» አልኳቸው። አምስት ደቂቃ የምትፈጅ ሥራ መስላኝ ነበር።

መብራት የለም። ከጠዋት ጀምሮ እንደጠፋ ነው። ጄኔሬተራችን ደግሞ ከተበላሸ ከርሟል። ጋሽ ሸምሱ በር ላይ ወንበር አቀረብንላቸው፤ አልቀመጥ አሉ። ቀትር ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። እሳቸው በየደቂቃው አምፖሉን ቀና ብለው ያያሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ። ኔትወርክ ግን የለም። የስልኩን መስመር ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ የኢንተርኔቱን ሳጥን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጉዴ ፈላ! ወደ ዘጠኝ ተኩል ላይ አረንጓዴዋ መብራት በራች።

የሰሚራን ቁጥር አስገባሁ። ገጹ ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆመ። እንደገና ጠራሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተከፈተ፤ ወዲያው ፕሪንት አልኩ። ማሽኑ ዝም። እንደገና አልኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ድንገት ተነሳና የሌላ ሰው ወረቀት መትፋት ጀመረ። አንዱ ደንበኛ ትናንት አልታተምልህ ቢለው አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሃያ ጊዜ ተጭኖ ሄዷል፤ ያ ሁሉ ትእዛዝ ተሰልፎ ሲጠብቅ አድሯል። ማሽኑን ማጥፋት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ሰልፉ ያለው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። ገብቼ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። አንዷ አልሰረዝም አለች። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ።

እንደገና ገጹን ከፈትኩ፣ አተምኩ። ቀኙ ተቆረጠ። በአግድም አደረግኩት፣ አሳነስኩት፤ ሙሉው ወጣ። ግርጌውን አየሁ። ባዶ ነው። አድራሻዋን የሰረዝኳት እኔ ራሴ ነኝ! ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። የግርጌው ሣጥን ባዶ ነው፤ ምን እንደነበረበት አላስታውስም። የ«ና» ምልክት (&) እና አንዳንድ የእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑን ብቻ አስታውሳለሁ። የትኛው ፊደል? ገመትኩ፤ የሰዓቱ ቁጥር ወጣ። ሌላ ገመትኩ፤ የገጽ ቁጥር ወጣ። ላብ በላብ ሆንኩ። ጋሽ ሸምሱ ከኋላዬ ቆመው የሚወጣውን እያንዳንዱን ወረቀት ይቀበሉኛል፣ ያዩታል፣ ማንበብ ስለማይችሉ የእኔን ፊት ያያሉ።

ያን ጊዜ ነው የጋሽ ከድር ኮምፒዩተር ትዝ ያለኝ። ካርታ ብቻ ስለሚጫወቱበት ማንም ነክቶት አያውቅም። «ጋሼ፣ አንዴ ይነሱልኝ!» አልኳቸው፤ ጨዋታቸውን ሳይጨርሱ አስነሳኋቸው። ገብቼ አየሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ ፊደሎቹ እንዳሉ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ከማተሚያው ጋር ስላልተያያዘ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኳቸውና ሮጬ ተመለስኩ። ወረቀቱ ወጣ። ግርጌው ላይ አድራሻው ከነቀኑ አለ። «ተመስገን!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ ሸምሱም እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ወረቀቱን ልሰጣቸው ስል ዓይኔ ባዮሎጂ የሚለው ላይ አረፈ። ሲ ይላል።

ልጅቷ የጮኸችው ጆሮዬ ላይ አለ፤ ኤ ብላ ነው የጮኸችው። ፋይሏን ፈልጌ ከፈትኩ። ባዮሎጂ ኤ። ከእሷ በፊት የመጣችውን ተማሪ ፋይል ከፈትኩ። እሷም ባዮሎጂ ኤ። ከዚያ ወዲያ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የፊተኛዋን ፋይል ከፍቼ ስሙን ቀይሬያለሁ፣ ቁጥሩን ቀይሬያለሁ፣ የሌላውን ትምህርት ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ የባዮሎጂን መስመር ዘልያታለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ ገባችሁ? ኮሌጁ እስካሁን የጠረጠረው የወረቀቱን መልክ ብቻ ነው። ይቺን እውነተኛዋን ወረቀት ስንወስድላቸው ከያዙት ጋር ያስተያዩታል። ሲን ኤ ብላ አስጽፋለች ይላሉ። ልጅቷን የሚያስፈርድባት ማስረጃ እኔ እጅ ላይ ነበር፤ ካልወሰድነው ደግሞ ቦታዋ ይሄዳል፣ ወረቀቱም ለፖሊስ ይሰጣል።

ጋሽ ከድርን ወደ ጓዳ ጠርቼ ነገርኳቸው። ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አስካለ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። ኤውን አትንኪው። አድራሻውን ከታች አንቺው ጻፊበትና አትሚው። ማን ይለየዋል?» አሉኝ።

ማንም አይለየውም። ያን በአምስት ደቂቃ እሠራው ነበር፤ ፊደሉን በመጠኑ አሳንሼ፣ ቀኑን አስገብቼ። አልዋሻችሁም፣ ፋይሉን ከፍቼ ጠቋሚውን ግርጌው ላይ አድርጌዋለሁ። የልጅቷ ዕድል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ በመስኮቱ አየሁ፤ ጋሽ ሸምሱ ደጅ ላይ ሶላት ሰግደው ሲነሱ። ኮሌጁ ነገ ራሱ ድረ ገጹን ቢከፍትስ? ያን ጊዜ ልጅቷን የሚያድናት የለም። ፋይሉን ዘጋሁት።

«ማሽኑ ነው ያበላሸው በያ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ከድር።

«ማሽን ሲን ኤ አያደርግም፣ ጋሼ።»

«እስር ቤት ትገቢያለሽ፤ ወላሂ!»

«እኔ ልግባ! ልጅቷ ለምን ትገባለች?» አልኩ፤ በሳቸው ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደፍሬ ሳይሆን ፈርቼ ነው የጮኽኩት።

ለጋሽ ሸምሱ ነገርኳቸው። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ነገ አብሬዎት ሄጄ እኔው እናገራለሁ» አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።  እሳቸው ግን «ኤ ነው ብላ በግ አሳርዳኛለች» አሉ።

ዓርብ በጠዋት መናኸሪያ ደረስን። ቡታጅራና ወልቂጤ አንድ ዞን ይሁኑ እንጂ መሀላቸው ተራራ ነው፤ መኪናው ትንሽ፣ መንገዱ ብዙ። መኪናው እስኪሞላ እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። በቦርሳዬ እውነተኛውን ወረቀት፣ የፊተኛዋን ተማሪ ወረቀት፣ ሁለቱን ፋይሎች የያዘ ፍላሽ ይዣለሁ።  መንገድ ላይ የምናገረውን በልቤ እደግም ነበር፤ በደገምኩት ቁጥር ይባስ ይጠፋብኛል።

ወልቂጤ ስንደርስ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ሰሚራ ኮሌጁ በር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ አብጧል። የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ ፍቅሬ የሚባሉ ቀጭን ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ከመሳቢያቸው የእኔን ያማረ ወረቀት አወጡ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ባዮሎጂ ላይ ቆመ።

ሰሚራን ቀና ብለው አይዋትና «ይኼ ምንድን ነው?» አሏት።

እሷም ጎንበስ ብላ አየች። «ኤ አይደለም እንዴ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። የደገምኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። «ታይፒስቷ እኔ ነኝ። ገጹ ሲታተም ቀኙ እየተቆረጠ ቢያስቸግረኝ በእጄ ጻፍኩት። የሌላ ልጅ ውጤት ላይ ነው የጻፍኩት፤ አንዷን መስመር ሳልቀይር ዘለልኳት። ልጅቷ ስክሪኑን አላየችም። የሰጠኋትን ነው የተቀበለችው።»

«እየተቆረጠ?» አሉ። «ወይዘሮ፣ እንዲህ ያለ ሰበብ በየቀኑ እሰማለሁ።»

«ድረ ገጹን ይክፈቱት። ያትሙት።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተራቸው ዞሩ፣ ቁጥሯን አስገቡ። እዚያም ኔትወርኩ ይንፏቀቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሃያ ይላል። ገጹ ተከፈተ፣ ፕሪንት አሉ፣ ወረቀቱ ወጣ። አነሱት። የትምህርቱ ስም አለ፤ የውጤቱ ዓምድ የለም። አገላበጡት፤ ጀርባው ላይ የሚያገኙት ይመስል።

«ይፍቀዱልኝ» አልኩና ወንበራቸው አጠገብ ሄድኩ።  ቅድመ እይታውን ከፈትኩ፣ በአግድም አደረግኩት፣ ኅዳጉን አጠበብኩ፣ ፊደሉን አሳነስኩ። አተምኩ። ሙሉው ወጣ፤ ግርጌው ላይ አድራሻው፣ ባዮሎጂው ላይ ሲ።

አቶ ፍቅሬ የእኔን ያማረውን፣ አሁን የታተመውን፣ የፊተኛዋን ተማሪ ወረቀት ሦስቱንም ደረደሩ። ፍላሹንም ከፍተው ሁለቱ ፋይሎች በሁለት ደቂቃ ልዩነት መቀመጣቸውን አዩ። «እንዲህ ማተም ትችዪ ኖሮ ለምን በእጅሽ ጻፍሽው?» አሉኝ።

«ሰው በዝቶብኝ። ደግሞም ያ ያምራል።»

 የምዝገባውን ዝርዝር አወጡና የሰሚራን ውጤት በሲው በእርሳስ ደመሩ። ጋሽ ሸምሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አቶ ፍቅሬ ቀና አሉ። «በሲውም ትገባለች» አሉ። «ባታሳምሪላትም ትገባ ነበር።»

ሰሚራ ተመዘገበች። እኔ ጥፋቴን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የመታወቂያዬን ኮፒ አያይዤ ሰጠሁ። ፖሊስ አልጠሩም፤ ቢጠሩ አልፈርድባቸውም ነበር። ልንወጣ ስንል አቶ ፍቅሬ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ለስንት ሰው እንዲህ ጽፈሽ ሰጥተሻል?»



ደጅ ላይ ሰሚራ «ኤ አልነበረኝም ማለት ነው?» አለችኝ። «አልነበረሽም» አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አባቷ ሁለታችንንም «በቃ፣ በቃ» አሉን።

ቅዳሜ ጠዋት ቡታጅራ ገብቼ ያስቀመጥኳቸውን ፋይሎች በሙሉ ከፈትኩ። የያንዳንዱን ተማሪ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ እያስገባሁ ከጻፍኩት ጋር አስተያየሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ጋሽ ከድር መጀመሪያ ተቆጡ፤ በሁለተኛው ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ቁጥሩን ያነቡልኝ ጀመር። ሌላ ሁለት ስህተት አገኘሁ። አንደኛው የስም ፊደል ነው፤ ልጁን ጠርቼ አስተካከልኩለት።

ሁለተኛው ብርሃኑ የሚባል የአረቅጥ ልጅ ነው፤ ቡታጅራ አክስቱ ቤት ሆኖ የተማረ። ሒሳብ ቢ ነበረው። የእኔ ወረቀት ላይ ኤፍ ይላል። በቢው ኮሌጅ ይገባ ነበር፤ በኤፉ ግን የትም አይገባም።

አክስቱን ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። «እሱማ ወደቅኩ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ መርካቶ ከአጎቱ ሱቅ ገባ» አለችኝ። «አልጠየቀም እንዴ?» አልኳት። «ምን ብሎ ይጠይቃል?» አለች።

በነጋታው ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ምዝገባው ማለፉን፣ የሚቀጥለው ዓመት እንዳለ፣ ወረቀቱን እኔው አትሜ እንደምልክለት።  በስልኩ ውስጥ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። በመጨረሻ «እትዬ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ደንበኛ ቆሞብኛል» አለና ዘጋው። በሚቀጥለውም ዓመት አልተመዘገበም።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት በዚህ ሙያ ሠርቻለሁ። ሥራውን አሁን ለያዛችሁት የምነግራችሁ ይህን ነው። የድረ ገጽ ወረቀት ቢያስጠላም እንዳለ ይውጣ። ከተቆረጠ ገጹን አስተካክሉት እንጂ የጎደለውን በእጃችሁ አትሙሉ። ሞልታችሁ ከሆነም ደንበኛው ከመሄዱ በፊት ከስክሪኑ ጋር አስተያዩት፤ ውጤት የተጨመረለትን ኮሌጁ ይይዘዋል፣ የተቀነሰበት ግን ተመልሶ አይመጣም።